አልማዝ ባለጭራ፦ ሃምሳ ዓመት ተደብቃ የቆየች እንግዳ

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ኮልፌ አጠና ተራ አካባቢ ባለው የእናቴ ቤት ልጆችም የልጅ ልጆችም ተሰብስበናል። እናቴ ቡና ልትቀዳ ጎንበስ ስትል ግራ ጎኗን ያዝ አድርጋ «እዚህ ጋ እሳት የነካኝ ይመስለኛል» አለች። አየንላት፤ ምንም የለም። ቆዳዋ ንጹሕ ነው። «ብርድ ይሆናል፤ ትናንት ልብስ ሳጥብ ነው የዋልኩት» ብላ ወደ ቡናዋ ተመለሰች።

ሰኞ ደወለች። ያ ያቃጠላት ቦታ ቀልቷል፤ ከጀርባዋ ተነሥቶ በጎኗ ዞሮ እስከ ጡቷ ሥር ድረስ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ሽፍታዎች ተሰልፈዋል። ጎረቤታችን ገና እንዳዩት «ይቺማ አልማዝ ባለጭራ ናት! ሌሊት ነፍሳት ሄዶባት ነው» አሉ፤ ለጋ ቅቤ እንድትቀባም መከሩ። ማክሰኞ ሰፈር ውስጥ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ወሰድናት። የአለርጂ ቅባትና የሕመም ማስታገሻ ሰጥተው ሸኙን። እኛም ይሻላታል ብለን ጠበቅን። ወደ ቆዳ ሐኪም የሄድነው እንቅልፍ አጥታ፣ የሌሊት ልብሷ እንኳን ሲነካት መጮህ ስትጀምር፣ ቅዳሜ ዕለት ነው።

ሐኪሙ አንድ ጊዜ አይተው የጠየቁት «ሽፍታው መቼ ወጣ?» ብለው ነበር። «ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። «በሦስት ቀን ውስጥ ብትመጡ መልካም ነበር» አሉ። አዳዲስ የሚወጡ ስለነበሩ መድኃኒቱን ጀመሩላት። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው «በልጅነትዎ ጉድፍ ወጥቶብዎት ያውቃል?» ብለው ጠየቋት። እናቴ ሳቀች። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ከእኅቶቿ ጋር ተራ በተራ መታመማቸውንና ከትምህርት ቤት መቅረታቸውን በደንብ ታስታውሳለች። «እሱ ነው» አሏት ሐኪሙ። «ያኔ ለቆዎት አልሄደም። ነርቭዎ ውስጥ ተኝቶ ነው የቆየው።»

እናቴ 62 ዓመቷ ነው።

እኔ የጤና ባለሙያ አይደለሁም። ቢዝነስ ተምሬ በማርኬቲንግ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ይህ ንግግር ግን ለቀናት ከጭንቅላቴ አልወጣም። አንድ ቫይረስ ሰውነታችን ውስጥ ከ50 ዓመት በላይ ሳይያዝ እንዴት ይኖራል? በሽታ የመከላከል አቅማችን የት ሄዶ? ማታ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁት ነገር ከጠበቅሁት በላይ ወደ ሙያዬ የቀረበ ሆነ፤ ጉዳዩ ለካ የማሳያ ጉዳይ ነው።

ደጅ ላይ የተሰቀለው ናሙና

መርካቶ ገብተው ያውቃሉ። ባለሱቁ መጋዘን ውስጥ ያለውን ሁሉ ደጅ አያወጣም፤ ከየዓይነቱ አንዳንድ ናሙና ይሰቅላል። ገበያተኛው ናሙናውን አይቶ ውስጥ ምን እንዳለ ያውቃል። የሰውነታችን ሕዋሳትም እንዲሁ ያደርጋሉ። እያንዳንዱ ሕዋስ በውስጡ ከሚሠራቸው ፕሮቲኖች ቁራጭ ቁራጭ እያነሣ፣ እንደ ሰሐን በሚያገለግል ሌላ ፕሮቲን ላይ አስቀምጦ ወደ ውጪ ገጹ ያወጣል። ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ደግሞ እየዞሩ ሰሐኖቹን ይፈትሻሉ። በሰሐኑ ላይ ያለው የቤት ዕቃ ከሆነ ያልፋሉ። የባዕድ ከሆነ ሕዋሱን ከነገመናው እዚያው ይገድሉታል።

ቫይረስ ሕዋስ ውስጥ ከገባ በኋላ ከውጪ አይታይም። የሚያጋልጠው ያ ሰሐን ብቻ ነው። ይህን የደረሱበት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አውስትራሊያ ካንቤራ አብረው ይሠሩ የነበሩ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ፒተር ዶኸርቲ የሚባል የእንስሳት ሐኪም፣ ሌላው ሮልፍ ዚንከርናግል የሚባል የስዊዘርላንድ ሰው። እ.ኤ.አ. በ1996 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። (የእንስሳት ሕክምና እማራለሁ የሚል ልጅ ካለዎት ይህን ይንገሩልኝ።)

እንግዲህ እርስዎ ሌባ ቢሆኑና በዚህ ሱቅ ውስጥ መደበቅ ቢፈልጉ ምን ያደርጋሉ? ዘበኛውን መግደል ከባድ ነው፤ ብዙ ናቸው። የሚቀለው ማሳያውን ማበላሸት ነው። ቫይረሶችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። የራሳቸው መሣሪያ ጥቂት ስለሆነ የእኛኑ ፕሮቲኖች ይዘው ያጣምማሉ፣ ያግዳሉ፣ ይጥላሉ።

የእናቴ ቫይረስ፣ ማለትም ጉድፍንም አልማዝ ባለጭራንም የሚያመጣው ቫሪሴላ ዞስተር፣ ሰሐኖቹ ከሕዋሱ ማሸጊያ ክፍል እንዳይወጡ ያግታቸዋል። ተሠርተዋል፣ ተዘጋጅተዋል፣ ግን ደጅ አይደርሱም። የቅርብ ዘመዱ የሆነውና ከንፈር ላይ የሚወጣውን ቁስል የሚያመጣው ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ሌላ መላ አለው። ቁራጮቹ ወደ ሰሐኑ የሚያልፉበት አንድ ቀዳዳ አለ። ቫይረሱ 88 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት አንድ ትንሽ ፕሮቲን ሠርቶ ያንን ቀዳዳ እንደ ቡሽ ይወትፈዋል። ሳይንቲስቶች ይህን የገለጹት እ.ኤ.አ. በ1995 ነው።

«ታዲያ ባዶ ማሳያ ራሱ አያስጠረጥርም ወይ?» ካሉ ትክክል ነዎት። ሰውነታችን ይህንንም አስቦበታል። ተፈጥሯዊ ገዳይ የሚባሉ ሌሎች ነጭ የደም ሕዋሳት አሉ፤ ሥራቸው ሰሐን ያላወጣውን ሕዋስ መግደል ነው። ነገር ግን ቫይረሱም ለዚህ መልስ አለው። ሳይቶሜጋሎ የሚባለው ቫይረስ እውነተኛውን ሰሐን አስወግዶ በቦታው አስመስሎ የሠራውን ያቆማል። በእኛ ቋንቋ ፎርጅድ ማለት ነው። ኤችአይቪ ደግሞ ከዚህም የረቀቀ ነው፤ ኔፍ የሚባለው ፕሮቲኑ ሁሉንም ሰሐን አያነሣም፤ ለቲ ሴሎች የሚያሳብቁበትን ዓይነቶች እየለየ ያወርድና ገዳዮቹን የሚያረጋጉትን ይተዋቸዋል። እኔ በሥራዬ ብዙ የመደርደሪያ ስልት አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላጋጠመኝም።

ኤችአይቪ የሚያደርገው ሌላም አለ። ሕዋሶቻችን ቫይረሱ ሲባዛ መልእክቱን የሚያበላሽበት አንድ ጠባቂ ፕሮቲን አላቸው። ኤችአይቪ ይህን ጠባቂ ራሱ አይገድለውም። ቪፍ የሚባለው ፕሮቲኑ ጠባቂው ላይ «ቆሻሻ» የሚል ምልክት ያስለጥፍበታል፤ የሕዋሱ የራሱ ጽዳት ሠራተኞች መጥተው ይጥሉታል። ሳምንት ሳምንት ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆች ሲመጡ አንድ ሰው የቤትዎን ዘበኛ ማዳበሪያ ውስጥ ከትቶ በር ላይ ቢያስቀምጠው ማለት ነው።

ከወገብ ዙሪያ ግማሽ ብቻ ለምን?

የእናቴ ቫይረስ ማሳያውን የሚያግተው ጊዜ ለመግዛት ነው። በልጅነቷ ጉድፉ ሲወጣባት በመጨረሻ ሰውነቷ አሸንፏል፤ ቆዳዋ ጠርቷል። ነገር ግን በዚያ በገዛው ጊዜ ጥቂት ቫይረሶች በቆዳ ውስጥ ባሉት የነርቭ ጫፎች በኩል ሄደው አከርካሪ አጠገብ ያሉት የነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ገብተዋል። እዚያ ሲደርሱ ሥራቸውን አቆሙ። ፕሮቲን ከሞላ ጎደል አይሠሩም። ፕሮቲን ካልተሠራ ሰሐን ላይ የሚወጣ ነገር የለም። የነርቭ ሕዋሳት ደግሞ ከመጀመሪያውም ብዙ ሰሐን አያወጡም፤ ነርቭ እንደ ቆዳ በቀላሉ የማይተካ በመሆኑ ሰውነታችን እነሱን በችኮላ ከመግደል ይቆጠባል። ከዚህ የተሻለ መደበቂያ ከየት ይገኛል?

ዘበኞቹ ግን ቫይረሱን አይረሱትም። ለአሥርት ዓመታት አካባቢውን ይጠብቃሉ፤ ቀና ሲል ይመልሱታል። ዕድሜ ሲገፋ፣ የቆየ በሽታ ሲኖር ወይም መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ሲወሰድ ጥበቃው ይላላል። ያኔ ቫይረሱ የመጣበትን አንድ ነርቭ ይዞ ወደ ቆዳ ይመለሳል። ሽፍታው በአንድ ጎን ብቻ፣ እንደ መቀነት ግማሽ ዙሮ የሚቆመው ለዚህ ነው፤ ያ ነርቭ የሚዘረጋው እስከዚያው ስለሆነ። ሽፍታው ከመውጣቱ በፊት የሚያቃጥለውም ነርቩ ቀድሞ ስለሚቆጣ ነው። «ባለጭራ» ያሏትም እንደ ጭራ ተከታትላ መሄዷን አይተው ይመስለኛል። ነፍሳት ግን የለበትም።

ምችም ከዚህ ቤተሰብ ነው። «ምች» ስንል ብዙ ነገር እንጠቀልልበታለን፤ ትኩሳቱንም ራስ ምታቱንም። ከንፈር ዳር ውሃ ቋጥሮ የሚወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት ከ50 ዓመት በታች ካሉት የዓለም ሰዎች 3.7 ቢሊዮኑ ዓይነት አንድ የሚባለውን ይህን ቫይረስ ተሸክመዋል። እንግዲህ እርስዎም እኔም ሳንኖርበት አንቀርም። እናቶቻችን «ፀሐይ መትቶህ ነው» ሲሉን ግማሹን ልክ ነበሩ። ፀሐይ ቫይረሱን አታመጣውም፤ የፀሐይ ጨረር ግን የቆዳን መከላከያ ለጊዜው ስለሚያዳክም ፊት ላይ በሚደርሰው ነርቭ ውስጥ የተኛውን ይቀሰቅሰዋል። ዳማከሴውን መተው የለብዎትም፤ ሽታው ለእኔም ልጅነቴ ነው። ነገር ግን አራስ ጥየቃ ሲሄዱ፣ ገንፎው ቀርቦ ሕፃኑ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፣ ከንፈርዎ ላይ ምች ካለ ሕፃኑን አይሳሙት። ለእኛ ከንፈር ላይ የሚያልፈው ነገር ገና የሳምንታት ዕድሜ ያለውን ሕፃን አንጎሉን ወይም ጉበቱን ሊጎዳና ሊገድል ይችላል። አክስት ትቀየም። ትቀየም፤ ነገ ትታረቃለች።

«በዚህ ዕድሜዬ?»

ወደ ሐኪሙ ክፍል ልመለስ። መድኃኒቱን ከጻፉ በኋላ «የኤችአይቪ ምርመራም ብናደርግ» አሉ። እናቴ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ «እኔን? በዚህ ዕድሜዬ?» አለች። ወደ እኔ አላየችም።

ይህ ጥያቄ በአገራችን ታሪክ አለው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ነፃ መድኃኒት መሰጠት የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት አልማዝ ባለጭራ በወጣት ሰው ላይ ስትታይ ሐኪሞች ኤችአይቪን ይጠረጥሩ ነበር፤ ኤችአይቪ የሚያጠቃው ቫይረሱን እንዲተኛ የሚጠብቁትን ሕዋሳት ነውና። ሰፈርም ይህን ሰማ። ከዚያ ወዲህ አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሰው ልብሱን አጥብቆ ዘግቶ ቤቱ ይቀመጣል። በጓዳ ቅቤ ይቀባል። እናቴም ጎረቤቷ ሲያዩባት ያፈረችው ለዚህ እንደነበር በኋላ ነው የነገረችኝ። ሰኞና ማክሰኞን የበላን ክሊኒኩ ብቻ አይደለም፤ ሐፍረቱም ጭምር ነው።

አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሁሉ ኤችአይቪ የለበትም። ዕድሜ ብቻውን ይበቃል። ምርመራው የሚጠየቀው ካለ ቶሎ እንዲታወቅ ነው፤ ዛሬ መድኃኒት የጀመረ ሰው ልጆቹን አሳድጎ የልጅ ልጅ ያያል። እናቴ ተመረመረች፤ ነፃ ናት። ከዚያ ወዲህ ለጎረቤቶቿ በኩራት የምታወራው እሱን ነው።

አሁን ስለዚያ ሦስት ቀን ልንገርዎት። አሲክሎቪር የሚባለው መድኃኒት የሚሠራበት መንገድ ይገርማል። ወደ ሕዋሳት ሲገባ የተኛ ነገር ነው፤ ጤነኛውን ሕዋስ እምብዛም አይነካም። የሚያነቃው ቫይረሱ ለራሱ መባዣ ብሎ የሠራው ኢንዛይም ነው። ነቅቶ መልሶ የቫይረሱን መባዛት ይቆልፋል። ሌባው በገዛ ቁልፉ ተቆለፈበት ማለት ነው። መድኃኒቱን ካስገኘው ቡድን ጋር የነበረችው ገርትሩድ ኤሊየን እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ተሸልማለች። ጉድለቱ ቫይረሱ በሚባዛበት ጊዜ ብቻ መሥራቱ ነው። የተኛውን አያገኘውም፤ ጨርሶ የሄደውንም ጉዳት አይመልስም። ስለዚህ ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው የተሻለ የሚረዳው። ሽፍታው ግንባር ላይ ወይም አፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ደግሞ ዓይን ሊያጠፋ ይችላልና 72 ሰዓቱንም አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይሂዱ።

የሚቆጨኝ ነገር አለ። የምንኖረው የቆዳ ሕክምና ስሙ በናኘበት ክፍለ ከተማ ነው። ከልዕልት ዘነበወርቅ ስሙን በወሰደው ሰፈር ያለው አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ነበር፤ ዛሬ ለማንኛውም የቆዳ ሕመም በየቀኑ ሰው ይጎርፍበታል። በዚያው ግቢ ውስጥ ያለው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1970 ተመሠርቷል፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ካገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያም፣ ቫይረስ ባይሆንም፣ የሚደበቀው ነርቭን በሚሸፍኑ ሕዋሳት ውስጥ ነው። ኮልፌ ነርቭ ውስጥ የሚሸሸግ ጠላት ሲጠና ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ ደግሞ እዚሁ ተቀምጠን ቅቤ ስንቀባ ሳምንት አለፈን።

ነገሩ በዚህ አላበቃም

በ15ኛው ቀን የሁለት ዓመቱ ልጄ ሆዱ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ወጣበት። በማግስቱ ጀርባው፣ ፊቱ፣ የራስ ቅሉ ሁሉ ውሃ ቋጠረ። ጉድፍ ነው። ልጄ ያን ሳምንት ከአያቱ እቅፍ አልወረደም ነበር፤ ሽፍታዋንም በጨርቅ አልሸፈንነውም። አልማዝ ባለጭራ እንደ አልማዝ ባለጭራ ከሰው ወደ ሰው አትተላለፍም። ውሃ በቋጠረው ውስጥ ያለው ቫይረስ ግን ጉድፍ ታሞ ለማያውቅ ሰው ጉድፍ ሆኖ ይሄዳል። ይህን ማንም አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

በዚያው ቤት የወንድሜ ባለቤት የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ያ ምሽት እስካሁን ያስደነግጠኛል። ጉድፍ ታሞ ለማያውቅ ነፍሰ ጡር ከባድ ነው፤ ለራሷም ለጽንሱም። ወንድሜ ሐኪሟን ሲፈልግ እሷ ደሴ ላሉት እናቷ ደወለች። ስልኩ ቶሎ አልተነሣም። ሲነሣ እናቷ እየሳቁ «አንደኛ ክፍል እያለሽ አይደል እንዴ፣ ቁርበት ላይ ተንከባለልሽ እኮ!» አሏት። ሁላችንም ተነፈስን። ሐኪሟም በማግስቱ ይህንኑ ሰምታ አረጋጋቻት።

የልጄ ጉድፍ በአሥር ቀን ደረቀ። ጥፍሩን አሳጠርንለት፣ በለብ ያለ ውሃ አጠብነው፣ ለትኩሳቱ ሐኪሙ ያዘዘችውን ፓራሲታሞል ሰጠነው። አስፕሪን ጉድፍ ለያዘው ልጅ እንደማይሰጥ ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ብርቅ ቢሆንም አንጎልንና ጉበትን የሚጎዳ ሕመም ያመጣል። ለጉድፍም ለአልማዝ ባለጭራም ክትባት በዓለም ላይ አለ፤ በአገራችን ልጆች በመደበኛነት በሚከተቡት ውስጥ ግን ጉድፍ የለም። እንግዲህ በየቤታችን የሚቀረን መሸፈን፣ መራቅ፣ ቶሎ መሄድ ነው።

የእናቴ ሽፍታ ከደረቀ አምስት ወር ሆኖታል። ሕመሙ ግን አልለቀቃትም፤ ሽፍታው ከጠፋም በኋላ ነርቩ የሚያቃጥላቸው ሰዎች አሉ፤ ዕድሜያቸው በገፋ ላይ ይብሳል። ለዚያም ሌላ መድኃኒት ጀምራለች፤ ከወር ወደ ወር እየቀለላት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ስታፈላ ነጠላዋን በቀኝ ትከሻዋ ላይ ብቻ ጣል ታደርጋለች፤ ግራ ጎኗን እንዳይነካት። ልጄ ግንባሩ ላይ ምስር የምታክል ጠባሳ ቀርታበታለች። እናቴ ጠባሳዋን በአውራ ጣቷ እየዳበሰች «እኔ ነኝ የሰጠሁህ» ትለዋለች። እሱ ምን እንደሰጠችው አያውቅም፤ ቆሎ መስሎት እጁን ይዘረጋል።